የስክሌሮደርማን ቆዳ በቁንጥጫ መለካት

ከሱሉልታ ወይም ከእንጦጦ ግርጌ በማለዳ ተነስታ፣ ታክሲ ጠብቃ፣ በጋቢ ተጠቅልላ የመጣችን የስክሌሮደርማ (ቆዳን እያወፈረ የሚያጠነክር በሽታ) ታካሚ ገና እጇን ከማውጣቷ መቆንጠጥ ስህተት ነው። ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በዚያ አካባቢ የጠዋቱ ብርድ ብቻውን ጣቶቿን አንጥቶ ወይም አጥቁሮ ይጠብቃችኋል፤ የሬይኖ ምልክት (በብርድ የጣት ደም ሥሮች መጥበብ) ነው። የበረደው ሰው ትከሻውንና ክንዱን ይሰበስባል፣ ጡንቻው ይወጠራል፣ ልስልሱ ቆዳ ሁሉ የጠነከረ ይመስላል። ሩብ ሰዓት ያህል ሞቅ ባለ ክፍል ትቀመጥ። የመርማሪውም እጅ ይሙቅ፤ የደነዘዘ ጣት የቆዳን ውፍረት አይለይም።

ቅባትም አለ። ቆዳዋ ስለሚደርቅና ስለሚያሳክካት ቫዝሊን ተቀብታ ትመጣለች፣ ተገቢም ነው። ነገር ግን ጣት ሲያዳልጥ እጥፋቱ ያመልጣል፣ መርማሪውም «አልታጠፈም» ብሎ ከፍ ያለ ነጥብ ይጽፋል። በደረቅ ጨርቅ በቀስታ ማበስ ይበቃል።

መለኪያው የተሻሻለው የሮድናን ነጥብ ይባላል። ሮድናንና ባልደረቦቹ በ1979 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በጣት የተዳሰሰውን ውፍረት ከተቆረጠ የቆዳ ናሙና ጋር አነጻጽረው ነበር፤ ዛሬ የሚሠራበት ቅርጹ 17 ቦታዎችን ይዟል። ፊት፣ ደረትና ሆድ አንድ አንድ ጊዜ ይቆጠራሉ። ጣቶች፣ የእጅ ጀርባ፣ ከክርን በታች፣ ከክርን በላይ፣ ጭን፣ ቅልጥምና የእግር ጀርባ ደግሞ ቀኝና ግራ ለየብቻ። እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ያገኛል፤ ጣሪያው 51 ነው።

አሁን ከክርን በታች ያለውን አንድ ቦታ ቀረብ ብለን እንየው። «እናቴ፣ እጅዎን ትራሱ ላይ ጣል ያድርጉልኝ፤ አያጥብቁ» ይባላል። ሁለቱን አውራ ጣቶች ሁለት ሦስት ጣት ያህል አራርቆ ቆዳውን ወደ መሃል መግፋት ነው። ቀጫጭን ሽብሽብ ከወጣ፣ ነጠላ ሲሰበሰብ እንደሚያደርገው፣ 0 ነው። እጥፋቱ በቀላሉ ተነስቶ ሽብሽቡ ከሌለ፣ ልክ ጋቢ ሲታጠፍ፣ 1። እጥፋት ለማንሳት ጣት መታገል ካስፈለገው 2። እንደ ከበሮ ቆዳ ተወጥሮ ጨርሶ ካልታጠፈ 3። በ0 እና በ1 መካከል ያለው ልዩነት ያ ቀጭን ሽብሽብ ብቻ ስለሆነ ብርሃን ከጎን እንዲመጣ ማድረግ ይረዳል። ቀለም ግን አያታልላችሁ፤ በጠቆረ ቆዳ ላይ የሚታየው ነጭና ጥቁር ዝንጉርጉር የበሽታው ምልክት ቢሆንም ነጥብ አይሰጥበትም።

ሆድን በጀርባ አስተኝቶ፣ እግርን ደግሞ ጉልበት አሳጥፎ ውስጥ እግሩን አልጋው ላይ አሳርፎ ነው መለካት የሚገባው። ጣት ላይ መገጣጠሚያውን ትቶ በመገጣጠሚያዎቹ መካከል ያለውን ጀርባ መያዝ ነው።

ብዙ ስህተት የሚመጣው ከበሽታው ዕድሜ ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት እጅ ያብጣል፤ ቆዳው ገና ሳይወፍር በፈሳሽ ተወጥሮ አይታጠፍም። ከዓመታት በኋላ ደግሞ ቆዳው ሳስቶ ከሥሩ ጋር ይጣበቃል፤ አሁንም አይታጠፍም፣ ግን ወፍራም አይደለም። ነጥቡ የሚለካው ውፍረትን ነው። ስለዚህ «እብጠት» ወይም «የተጣበቀ» ብሎ ከቁጥሩ ጎን መጻፍ የግድ ነው፤ ያለዚያ ቀጣዩ መርማሪ ያንን 3 በሌላ መንገድ ያነበዋል።

ከእጅ አንጓ አጠገብ 3፣ ከክርን አጠገብ 1 ሲሆንስ? አማካዩን፣ 2ን መጻፍ ይመረጣል። ከፍተኛውን የሚጽፉም አሉ። ዋናው አንዱን ይዞ አለመቀየር ነው፤ ባለፈው ሐኪም ከፍተኛውን ጽፎ ዛሬ አማካዩ ከተጻፈ በሽታው የተሻለ ይመስላል፣ መድኃኒቱም ያለ ሥራው ይመሰገናል።

ሁለት የሠለጠኑ ሰዎች አንዲትን ታካሚ ሲለኩ መደበኛ ልዩነታቸው ወደ 5 ነጥብ ይጠጋል፤ ያው ሰው ደግሞ ሲለካ ወደ 2.5። ስለዚህ ከተቻለ ሁልጊዜ ያው እጅ ይለካ። ድምሩን ብቻ ማየትም አይበቃም። ጣቶች 3 እና 3፣ የእጅ ጀርባ 2 እና 2፣ ከክርን በታች 2 እና 2፣ ፊት 1 እንበል፤ ድምሩ 15። በቀጣዩ ቀጠሮ ከክርን በላይ 1 እና 1፣ ደረት 1 ተጨመረ፤ 18 ሆነ። ሦስት ነጥብ በመለካት ስህተት ሊመጣ ይችላል። ግን የት ላይ ነው የተጨመረው? ከክርን አልፏል፣ ደረት ገብቷል። እውነት ከሆነ ታካሚዋ ከውሱኑ ዓይነት (ከክርንና ከጉልበት በታች እንዲሁም ፊት ላይ ከሚቀረው) ወደ ተሰራጨው (ከክርን በላይና ደረትንም ወደሚይዘው) ተሻግራለች ማለት ነው። በዚያው ቀን ሌላ መርማሪ ሳይነገረው ይለካት።

ዱሮሜትር የሚባለው የጎማ ጥንካሬ መለኪያ ለዚህ ያግዛል። መሣሪያው በራሱ ክብደት ቆዳው ላይ ቀጥ ብሎ ማረፍ አለበት፤ እጅ ትንሽ እንኳ ከጫነው ቁጥሩ ከፍ ይላል፣ ቦታው ካዘነበለም ይዛባል። ሦስት ጊዜ ለክቶ አማካይ መውሰድ ነው። ጣት ላይ ግን አያዋጣም፤ አጥንቱ ቅርብ ስለሆነ የሚነበበው የአጥንቱ ጥንካሬ ነው።

ነጥቡ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በፍጥነት ከወጣ ዓይን ከቆዳው ወደ ኩላሊት ይዙር። የደም ግፊቷ በየቀጠሮው ይለካ፣ በመሃልም ሰፈሯ ባለ ጤና ጣቢያ። ለእብጠቱና ለቁርጥማቱ ተብሎ ፕሬድኒሶሎን (የስቴሮይድ መድኃኒት) በቀን ከ15 ሚሊ ግራም በላይ መስጠት የኩላሊት ቀውስን (ግፊት በድንገት ወጥቶ ኩላሊት የሚጎዳበትን የዚህ በሽታ መዘዝ) ሊጠራ ይችላል። የላይኛው ግፊት ከወትሮው በ30 ከጨመረ፣ ራስ ምታት ኖረም አልኖረም፣ ክሬያቲኒን (የኩላሊትን ሥራ የሚያሳይ የደም ምርመራ) በዚያው ቀን ይታይ።