የልጄን ባዮቲን አንድም ቀን ሳላስተጓጉል ለመስጠት የሄድሁበት መንገድ

ልጄ በቨርጂኒያ ተወልዶ ሁለተኛ ሳምንቱን እንደያዘ፣ ከተረከዙ በተወሰደው ደም ላይ የተደረገው ምርመራ የባዮቲኒዴዝ እጥረት እንዳለበት የሚያመለክት መሆኑ በስልክ ተነገረኝ። ጡት በደንብ የሚጠባ፣ ቆዳው የጠራ ሕፃን ታቅፌ ስለነበር የሰማሁትን ለማመን ተቸገርሁ። ይህ የአራስ ሕፃናት ምርመራ መጀመሪያ የተጀመረው እዚሁ ቨርጂኒያ ውስጥ በ1984 እ.ኤ.አ. መሆኑን የተረዳሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ሲሆን፣ ዛሬም ባሰብሁት ቁጥር አመሰግናለሁ።

ባዮቲኒዴዝ ኢንዛይም ማለትም የሰውነትን ኬሚካላዊ ሥራ የሚያካሂድ ፕሮቲን ሲሆን፣ ባዮቲን የተባለውን ቫይታሚን ከተጣበቀበት ፕሮቲን አላቅቆ ሰውነት እንደገና እንዲጠቀምበት ያደርጋል። እጥረቱ ሳይታከም ከቆየ መንቀጥቀጥ፣ የቆዳ ሽፍታና የፀጉር መርገፍ ሊያስከትል ይችላል፤ እነዚህ በሕክምና ይሻላሉ፣ የተጎዳ የመስማት ችሎታ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም። የልጄ የኢንዛይም መጠን ከጤነኛ ሰው አማካይ ከ10 በመቶ በታች በመሆኑ፣ በቀን 10 ሚሊግራም ባዮቲን ዕድሜውን ሙሉ እንዲወስድ ታዘዘለት።

መድኃኒቱ ውድ አይደለም፤ ያስቸገረኝ አሰጣጡ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ዱቄቱን በጡጦ ሙሉ ወተት ውስጥ በጥብጬ ስሰጠው፣ ከጠጣ በኋላ ጡጦው ሥር ነጭ ዝቃጭ ተጣብቆ አገኘሁ። ባዮቲን በቀላሉ አይሟሟምና ልጄ ሙሉውን መጠን አላገኘም ማለት ነው። ከዚያ በኋላ እንክብሉን ከፍቼ፣ ዱቄቱን በታለበ የጡት ወተት በማንኪያ ላይ አርሼ፣ ጠዋት ርቦት ሳለ ከመጥባቱ በፊት ማጉረስ ጀመርሁ። ምግብ ሲጀምር ማንኪያው ያው ሆኖ ወተቱ በአጥሚት ተተካ።

እናቴ ልትጠይቀን ከአዲስ አበባ ስትመጣ፣ «ምን ሆነና ነው ይህን ልጅ በየቀኑ መድኃኒት የምታስውጪው?» አለችኝ። እርሷ ብርታት ይሆነዋል ብላ ጥሬ እንቁላል በወተት ልትመታለት አስባ ነበር። ጥሬው የእንቁላል ነጭ ባዮቲንን አጥብቆ የሚይዝና እንዳይመጠጥ የሚያደርግ ፕሮቲን እንዳለው፣ ሲበስል ግን ይህ ኃይሉ እንደሚጠፋ ነገርኋት። «እማዬ፣ ከዶሮ ወጡ እንቁላል ግን እንዳትከለክይው» ስላት ደስ አላት።

ልጄ 3 ዓመት ሲሞላው ለሌላ ጉዳይ አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ምርመራ ተደረገለትና ውጤቱ ዕጢው ከመጠን በላይ እንደሚሠራ አሳየ። በደም ውስጥ ያለ ብዙ ባዮቲን አንዳንድ የላቦራቶሪ መለኪያዎችን ያሳስታል፤ እኔም ባዮቲን እንደሚወስድ አስቀድሜ አልተናገርሁም፣ የጠየቀኝም አልነበረም። በከንቱ የተጨነቅንባቸውን ሳምንታት አልረሳቸውም። በባዮቲን የማይዛባ መለኪያ ባለው ላቦራቶሪ ሲደገም ውጤቱ ጤናማ ሆነ። አሁን ለምርመራ ደም ከመወሰዱ በፊት የመጀመሪያ ቃሌ ባዮቲን እንደሚወስድ መናገር ነው፤ መድኃኒቱን ግን በራሴ ውሳኔ አላቋርጥም።

እጥረቱ ከሁለታችንም ወላጆች የሚወረስ ስለሆነና በእያንዳንዱ እርግዝና 25 በመቶ የመከሰት ዕድል ስላለው፣ ምንም ምልክት ያልነበራትን ታላቅ እህቱንም አስመረመርሁ፤ ነፃ ሆነች።

አምና ለሁለት ወር ወደ አገር ቤት ስንሄድ፣ ለሦስት ወር የሚበቃ ባዮቲን ከሐኪም ደብዳቤ ጋር በእጅ ሻንጣዬ ያዝሁ፤ መጠኑንና የጥሬ እንቁላሉን ነገር በአማርኛ ጽፌም ለእናቴ ሰጠኋት። ወረቀቱን ከቡና ረከቦቷ በላይ ግድግዳው ላይ ለጥፋ፣ በየጠዋቱ እንክብሉን በገዛ እጇ ትሰጠው ነበር።