ዳቦውን ተዪውና ሥጋውን አምጪው

አንድ ቡና ላኪ ድርጅት ቅምሻ ክፍል ውስጥ ስሠራ አለቃችን ከሥልጠና ተመለሰች። ይዛ የመጣችው «ሳንድዊች» የሚባል የአስተያየት አሰጣጥ ነው። መጀመሪያ ታመሰግናለህ፣ መሐል ላይ ጥፋቱን ትናገራለህ፣ በምስጋና ትዘጋለህ። ዓርብ ዓርብ ከሰዓት ተሰብስበን እየተዟዟርን ሳንድዊች እንድንሰጣጣ ተወሰነ።

ቀማሽ እኮ እንጀራው ጥፋት ፍለጋ ነው። ለአንድ ናሙና አምስት ስኒ የሚደረደረው አንዷ እንኳ ብትበላሽ እንድትጋለጥ ነው። በየስኒው 8.25 ግራም የተፈጨ ቡና፣ 150 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ አራት ደቂቃ። ከዚያ አናቱ ላይ የሰፈፈውን በማንኪያ ሰብረህ አፍንጫህን ትደፋለህ። ቡናው ማብላያ ገንዳ ውስጥ ሰዓት አልፎበት ከሆነ እዚያው ይናገራል። ቡና ላይ የሚምር የለም። ሰው ላይ ሲደርስ ግን ምላሳችን ይተሳሰራል።

ዋናው ቀማሻችን ጋሼ ነበሩ። ፉት ብለው ከተፉ በኋላ ሌላው ገና ጠረጴዛውን ሳይጨርስ «ሰማንያ ስድስት!» ይላሉ፤ ከመቶ ነው። ወዲያው የላጲስ ድምፅ ትሰማለህ። የሁሉም ነጥብ ሰማንያ ስድስት ዙሪያ ይሰፍራል። አለቃችንም «ቡድኑ ተናቧል» ብላ ሪፖርት ትጽፋለች።

አንድ ማክሰኞ የታጠበ ይርጋጨፌ ቀረበ። አጠገቤ አዲሷ ልጅ ነበረች። ሦስተኛዋ ስኒ ላይ «ፈርመንት»፣ ማለትም ገንዳ ውስጥ ሰዓት ያለፈበት፣ ብላ ምልክት ስታደርግ አየሁ። ጋሼ «ሰማንያ ስድስት፣ ንጹሕ!» አሉ። አጠፋችው። የላጲሱን ፍርፋሪ እፍ አለች። ተመልሳ ያችኑ ስኒ ቀመሰችና ራሷን ነቀነቀች።

ዓርብ ለጋሼ አስተያየት የምትሰጠው እሷ ሆነች።

«ጋሼ፣ መቼም እንደ እርስዎ ዓይነት ምላስ አላየሁም። ሁላችንም እንደ አባት ነው የምናይዎት። ትዕግሥትዎ ደግሞ...»

ጋሼ እጃቸውን አነሱ። «ልጄ፣ ዳቦውን ተዪውና ሥጋውን አምጪው።»

ልጅቷ ምራቋን ዋጠች። «ነጥብ ቀድመው ይናገራሉ። እኛ ደግሞ እናጠፋለን።»

«ምኑን?»

«የጻፍነውን።»

ኮፍያቸውን አወለቁና መልሰው አደረጉት። «የይርጋጨፌውን አጥፍተሻል?»

«አዎ።»

«ስንተኛዋ ስኒ?»

«ሦስተኛዋ።»

«ትርፍ ናሙና ካለ ሰኞ ይቆላ» አሉ። በቃ፣ ሌላ ነገር አልተናገሩም።

ሰኞ ተቆላ፣ ተቀመሰ፣ ምንም አልተገኘም። አንድ ስኒ ላይ የወጣ ጥፋት በሁለተኛው ቅምሻ ላይደገም ይችላል፤ ይህን ጋሼ ከማናችንም በላይ ያውቁታል። እርሳሶቹን ሰብስበው ካርቶን ውስጥ ከተቱና ለእያንዳንዳችን እስክሪብቶ አደሉ። ከዚያ ወዲህ ወረቀት ሳይሰበሰብ ቃል አይተነፍሱም። ቅንድባቸውን ግን ማን ይቆጣጠረዋል? አሁን እሱን ማንበብ ጀመርን።

አለቃችን በሚቀጥለው ስብሰባ «አያችሁ ሳንድዊቹ ሲሠራ!» አለች። እውነት ለመናገር ይሄ ነገር እስከ ዛሬ ያበግነኛል። ዳቦውን የነካው ሰው አልነበረማ! ዝም ማለት አቃተኝ።

«የሠራው እኮ ዳቦው ስለቀረ ነው» አልኳት። «ለመሆኑ ያንቺ ተራ መቼ ነው? ሁሌ ሰጪ እንጂ ተቀባይ ሆነሽ አላየንሽም።»

ፈገግ አለች። «ጥሩ ነጥብ ነው፤ እንይዘዋለን።»

ይዛዋለች። የግማሽ ዓመቱ ምዘና ሲመጣ ስሜ ሥር «የቡድን መንፈስ ይጎድለዋል» ይላል። ወረቀቱን ይዤ ጋሼ ዘንድ ሄድኩ። መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡት።

«ያለ ዳቦ ነው የሰጠሃት?»

«ያለ ዳቦ።»

«ሥጋውን ብቻ?»

«አዎ።»

«አይ ልጄ» አሉና ወደ ስኒያቸው ዞሩ። «እሷ እኮ ጾመኛ ናት።»