ሐኪም ቤት ውስጥ «የስ» ከማለታችሁ በፊት

ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው አዲስ የሚገቡ ወገኖች ስለ እንግሊዝኛ ሲጠይቁኝ የሚያነሡት ሰዋስው ነው። «ኢን» የት ይገባል? «ኦን»ስ? «ዘ» መቼ ይቀራል? የማውቀውን እነግራቸዋለሁ። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። አዛውንቶችን ይዤ ክሊኒክ ስመላለስ፣ «ዘ» በመቅረቱ የተቸገረ ሰው አላየሁም። የሚያስቸግረው የ«የስ» እና የ«ኖ» ነገር ነው።

ነርሷ «ዩ ዶንት ሃቭ ኤኒ አለርጂስ?» ትላለች። የማይስማማዎት መድኃኒት የለም አይደል? ማለቷ ነው። እኛ «አዎ፣ የለም» እንላለን። ልክ ነሽ ማለታችን ነው። በእንግሊዝኛ ግን «የስ» ካላችሁ አለብኝ ማለት ነው። ከሌለ፣ ጥያቄው እንዴትም ይምጣ እንዴት መልሱ «ኖ» ነው። ስለዚህ በአንዲት ቃል አትቁሙ። «ኖ፣ አይ ዶንት ሃቭ አለርጂስ» ብላችሁ ጨርሱት። ፋይል ላይ የሚጻፈው የተናገራችሁት ነውና።

ሌላም «አዎ» አለን። አየር ወደ ውስጥ ሳብ አድርገን የምንላት። አንዲት እናት ይዤ ሄጄ ነርሷ የተለመደውን ትጠይቃለች፦ ስኳር አለ? የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ? እሳቸው በእያንዳንዱ ጥያቄ ትንፋሻቸውን ሳብ ያደርጋሉ። ነርሷ መጻፏን አቆመች። ደረታቸውን አየች። ከዚያ የኦክስጅን መለኪያውን አምጥታ ጣታቸው ላይ ሰካችው። «ምን ሆንኩ ልጄ?» አሉኝ ደንግጠው። ለነርሷ አገራችን «አዎ» የሚባለው እንዲህም ነው ብዬ ስነግራት በጣም ተገረመች፤ ደግማ ደጋግማም ሞከረችው። እማማ ያጠፉት ነገር የለም። ወላጆቻችሁን ስትልኩ ግን ይህቺን አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

የሰውነት ክፍልም አለ። ለኛ ከትከሻ እስከ ጣት ድረስ እጅ ነው። ለነሱ «ሃንድ» ከእጅ አንጓ በታች ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ «አርም» ነው። እግርም እንደዚያው፦ ከቁርጭምጭሚት በታች «ፉት»፣ በላይ «ሌግ»። የእጅ ጣት «ፊንገር»፣ የእግር ጣት «ቶ»። ክርናችሁን እያመማችሁ «ሃንድ» ካላችሁ፣ የሚያዩላችሁ መዳፋችሁን ነው። ግራ ከገባችሁ በጣት ማሳየት አያሳፍርም።

«ጋስትሪክ አለብኝ» ማለትም እዚህ ብዙ አያስኬድም። አገር ቤት የበሽታ ስም አድርገነዋል፤ ለአሜሪካ ሐኪም ግን የጨጓራን ነገር የሚገልጽ ቅጽል ብቻ ነው። የሚሰማችሁን ንገሩት። ያቃጥላል? ከምግብ በፊት ነው በኋላ? ሌሊት ይቀሰቅሳችኋል?

ደግሞ «ፖዘቲቭ» ስትባሉ አትደንግጡ። እኛ ጋ ቃሉ ከኤችአይቪ ጋር ተጣብቆ ስለኖረ ልብ ያርዳል። እዚህ ኢንፍሉዌንዛም ይሁን እርግዝና፣ የተፈለገው ነገር ተገኘ ማለት ብቻ ነው። የምን ምርመራ እንደሆነ ጠይቁ።

ቀጠሮ ስትይዙ ቀኑን በወር ስም አስጽፉ። 5/12 አሜሪካ ውስጥ ሜይ 12 ነው። ሰዓቱንም በነሱው አቆጣጠር ያዙት፤ «ናይን» ካሏችሁ ጠዋት 3 ሰዓት ነው።

አሁን በጣም ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። ልጆቻችንን አናስተርጉማቸው። የ12 ዓመት ልጅ የእናቱን የማሕፀን ሕመም ለሐኪም ሲያስረዳ አይቻለሁ። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ነበር፤ እናትየውም ግማሹን ዋጠችው። የዋጠችው ግማሽ ደግሞ ሐኪሙ ሊሰማው የሚገባው ነበር።

አስተርጓሚ ማግኘት ልመና አይደለም። የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ተቋም በትውልድ አገር ምክንያት ሰውን እንዳያገል ይከለክላል፤ የቋንቋ አገልግሎት ግዴታም የመጣው ከዚያ ነው። ዲሲ ደግሞ በ2004 የራሷን የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አውጥታለች፤ የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች ወሳኝ ሰነዶችን ከሚተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱም አማርኛ ነው። ሐኪም ቤት ደውላችሁ ቀጠሮ ስትይዙ «አይ ኒድ አን አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር» በሉ። ሂሳብ አትጠየቁበትም። በአካል ሰው ከሌለ በስልክ ወይም በቪዲዮ ያገናኟችኋል። ፋይላችሁ ላይ እንዲመዘግቡትም ጠይቁ፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ ከዜሮ አትጀምሩም።