በአየር ንብረት ድርድር ከፋዩ ማን ነው?

የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤ በተቃረበ ቁጥር ዜናው በአብዛኛው የሚያተኩረው የምድር ሙቀት ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት ከነበረው ከ1.5 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ እንዳይጨምር በተያዘው ግብ ላይ ነው። እኔ ግን ድርድሩን ደጋግሞ የሚያሰናክለው በማደግ ላይ ያሉ አገሮች ልቀታቸውን ለመቀነስና የአየር ንብረት ለውጥን ለመቋቋም የሚያስፈልጋቸውን ወጪ ማን ይሸፍን የሚለው ጥያቄ እንደሆነ አምናለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1992 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥ ማዕቀፍ ስምምነት የአገሮች ኃላፊነት የጋራ ቢሆንም የተለያየ ነው የሚል መርህ አስቀምጦ፣ ገንዘብ የማቅረብ ግዴታ ያለባቸውን የበለጸጉ አገሮች በአባሪው ላይ በስም ዘረዘረ። ቻይና፣ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ደቡብ ኮሪያና ሲንጋፖር በዚያ ዝርዝር ውስጥ የሉም። ዛሬ በዓመታዊ የበካይ ጋዝ ልቀት ቻይና ከዓለም አንደኛ በመሆኗ፣ የአውሮፓ ኅብረት ከፋዮቹ ሊበዙ ይገባል እያለ ይሟገታል። ቻይና በበኩሏ፣ ባለፉት ዘመናት በከባቢ አየር ከተከማቸው ጋዝ ትልቁን ድርሻ የለቀቀችው አሜሪካ መሆኗን ታስታውሳለች፤ የራሷን ድጋፍም በፈቃደኝነት የሚደረግ የደቡብ ለደቡብ፣ ማለትም በማደግ ላይ ያሉ አገሮች እርስ በርስ የሚያደርጉት፣ ትብብር አድርጋ ታቀርበዋለች። ሕንድ ደግሞ የነፍስ ወከፍ ልቀቷ ከዓለም አማካይ በእጅጉ ያነሰ መሆኑን በመጥቀስ ለልማት የሚሆን ጊዜና ገንዘብ ትጠይቃለች።

ሁሉም እውነት አላቸው። ሆኖም ሌላው ይክፈል የሚለው ክርክር ቀድሞ ቃል የገባውን ወገን ከግዴታው ነጻ ሊያወጣው አይችልም። የበለጸጉት አገሮች በ2009 በኮፐንሃገኑ የአየር ንብረት ጉባኤ እስከ 2020 ድረስ በየዓመቱ 100 ቢሊዮን ዶላር ወደ ማሰባሰብ እንደሚደርሱ ተስማምተው ነበር፤ በራሳቸው የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት በኦኢሲዲ ስሌት እንኳ መጠኑ የተሟላው በ2022 ነው። ከመንግሥታት ከመጣው ገንዘብ ውስጥም አብዛኛው ብድር ነበር። ጎርፍ ያፈረሰውን መንገድ መልሶ ለመሥራት የሚበደር ድሃ አገር፣ እምብዛም አስተዋጽኦ ላላደረገበት ጥፋት ከነወለዱ እየከፈለ ነው ማለት ነው፤ ይህንን ድጋፍ ብሎ መጥራት ለእኔ ፍትሐዊ አይመስለኝም።

በ2024 በባኩ ጉባኤ በማደግ ላይ ያሉ አገሮች በዓመት 1.3 ትሪሊዮን ዶላር ጠይቀው፣ የበለጸጉት አገሮች ግንባር ቀደም ሆነው እስከ 2035 ድረስ በዓመት 300 ቢሊዮን ዶላር ወደ ማሰባሰብ እንዲደርሱ ተወሰነ። የተጠየቀው 1.3 ትሪሊዮን ከልዩ ልዩ ምንጮች እንዲሰበሰብ ጥሪ ከማቅረብ አልዘለለም። የትናንሽ ደሴት አገሮችና የድሃ አገሮች ተደራዳሪዎች በመጨረሻዎቹ ሰዓታት ስብሰባ ረግጠው ወጡ፤ የሕንድ ተወካይም ውሳኔው መጽደቁ ከተበሰረ በኋላ ተቃውሞዋን አሰማች።

በ2025 አሜሪካ ከፓሪስ ስምምነት ለመውጣት መወሰኗ ሸክሙን በቀሪዎቹ ላይ አክብዶታል። ስለዚህ አዳዲስ ከፋዮች ያስፈልጋሉ፤ የ1992ቱ ዝርዝርም ለዚህ እንቅፋት አይደለም። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች በዝርዝሩ ሳትኖር በ2023 የዱባይ ጉባኤ በአየር ንብረት ለውጥ ለተጎዱ አገሮች ለተቋቋመው የጉዳትና ኪሳራ ፈንድ 100 ሚሊዮን ዶላር ቃል ገብታለች። ቻይናም የምትሰጠውን ገንዘብ ሌሎች በሚመዘኑበት የሒሳብ አያያዝ ብታሳውቅ፣ የበለጸጉት አገሮች የራሳቸውን ግዴታ ለማዘግየት ሲያቀርቡት የኖሩት ምክንያት ይነሣባቸው ነበር።