ራሱ የማይደንሰው ሰውዬ

ሰሞኑን ስለ ሩሲያዊው የባሌ ዳንስ ቡድን መሪ ሰርጌይ ዲያጊሌቭ ሳነብ ነው የማመሸው። ሰውዬው አይደንስም፣ አይስልም። ሙዚቃ ደራሲ ልሁን ቢልም ታዋቂው የሙዚቃ ደራሲ ሪምስኪ ኮርሳኮቭ ተሰጥኦ እንደሌለው ነገረው። ታዲያ ምን ነበረው? ዓይን። ማንን ከማን ጋር ቢያገናኝ ጉድ እንደሚፈላ ያውቅበታል።

እ.ኤ.አ. በ1909 የሩሲያ ደናሾችን ይዞ ፓሪስ ገባ። በማግስቱ ዓመት ገና 30 ያልሞላውንና እዚያ ማንም የማያውቀውን ሙዚቃ ደራሲ ስትራቪንስኪን «የእሳት ወፍ» የተባለውን የባሌ ዳንስ ሙዚቃ አስጻፈው። ሜይ 29 ቀን 1913 ደግሞ የዚሁ ልጅ «የጸደይ ሥርዓት» ሻንዜሊዜ ቴአትር ላይ ወጣ።

ያቺን ምሽት ደጋግሜ አነበብኳት። ተመልካቹ ገና ከመጀመሪያው ይስቃል፣ ያፏጫል፣ ይሰዳደባል። ሁካታው ኦርኬስትራውን ዋጠው። ዳንሱን ያቀናበረው ኒጂንስኪ ከመድረኩ ጥግ ወንበር ላይ ቆሞ፣ ምቱ እንዳይጠፋባቸው ለደናሾቹ በሩሲያኛ ቁጥር ይጮኽላቸዋል። ዲያጊሌቭ ግን ከትርዒቱ በኋላ የፈለግኩት ይሄንኑ ነው አለ፤ ስትራቪንስኪ ነው ይህን የተረከው። እኔ ብሆን በጓሮ በር ነበር የምጠፋው!

በ1917 «ፓራድ» ለተባለው ባሌ ዳንስ መጋረጃውንና አልባሳቱን ፒካሶ ሠራ፣ ሙዚቃውን ሳቲ ጻፈ። አንዳንዶቹ ደናሾች ከካርቶን የተሠራ ግዙፍ ነገር ተሸክመው ነው መድረክ የወጡት። ሠዓሊውን፣ ሙዚቀኛውንና ደናሹን ለአንድ ሥራ እኩል ማሰለፍ የእሱ ነገር ነው። ሠዓሊውን ማቲስንም እንዲሁ አሠርቶታል።

ደግ ሰው ነበር ለማለት ግን አፌ አይደፍርም። ፍቅረኛው የነበረው ኒጂንስኪ በ1913 ቦነስ አይረስ ላይ ሴት ሲያገባ ጊዜ በቴሌግራም አባረረው። በቴሌግራም! ያን የመሰለ ደናሽ።

ገንዘብማ እጁ ላይ አይበረክትም። በ1921 ለንደን ውስጥ ያቀረበው የቻይኮቭስኪ ባሌ ዳንስ ወጪ አከሰረው፤ አበዳሪዎች ዕቃውን ያዙበት። በ1929 ቬኒስ ሲሞት የቀብሩን ወጪ የሸፈኑት ወዳጆቹ ሚሲያ ሰርትና ኮኮ ሻኔል ናቸው።

ቡድኑም አብሮት ተበተነ። ከአባላቱ መካከል ባላንሺን አሜሪካ ገብቶ የኒውዮርክ ሲቲ ባሌትን መሠረተ፤ ኒኔት ደ ቫልዋ ዛሬ ሮያል ባሌት የሚባለውን ለእንግሊዝ አቆመች፤ ሊፋር የፓሪስ ኦፔራን ባሌት ተረከበ። ሩሲያ ውስጥ ግን ይህ ቡድን አንድም ቀን መድረክ ላይ ወጥቶ አያውቅም።

ነገ ባላንሺን በ1928 ለዲያጊሌቭ የሠራውን «አፖሎ»ን ፈልጌ አያለሁ። የሱም ሙዚቃ የስትራቪንስኪ ነው።