ነዳጅ ቀምሶ የማያውቀው ሪአክተር

ከፊሊፒንስ ዋና ከተማ ማኒላ፣ ሥራ ሳይጀምር የቀረው የኒውክሌር ማመንጫ ወዳለበት ባታን የሚወስደው መንገድ ምንም አይልም። ጣጣው ከማኒላ መውጣቱ ነው። ትራፊኩ እስኪለቀን ድረስ ሹፌሩን በጥያቄ ነዘነዝኩት። "ኩያ" እያልኩ ነበር የማወራው፤ እዚያ ሹፌር የሚጠራው እንደዚያ ነው። የመብራት ነገር ሲነሳ ግን ወሬውን ከአፌ ነጠቀኝ። ሙቀቱ ሲበረታ የሚመጣበት ቢል አንገብግቦታል። "ታዲያ ኒውክሌሩ ይከፈት?" አልኩት። "ይከፈት" አለ። ትንሽ ዝም ብሎ ነዳና "ግን ውሉን የሚፈርመው ማን እንደሆነ ልወቅ" ብሎ ጨመረበት።

ምሬቱ የብዙ ሰው ነው። በፊሊፒንስ የመብራት ዋጋ ከደቡብ ምሥራቅ እስያ ውዶቹ አንዱ ነው። ከግማሽ በላዩ ኃይል የሚመነጨው ከድንጋይ ከሰል ሲሆን፣ ከሰሉም በአብዛኛው ከውጭ የሚገባ ነው። ማኒላ ያለችበትን የሉዞን ደሴት ማመንጫዎች ለዓመታት የመገበው የማላምፓያ የጋዝ ጉድጓድ ደግሞ እየደከመ ነው። ስለዚህ መንግሥት ወደ ኒውክሌር ፊቱን መልሷል። በ2032 የመጀመሪያውን 1,200 ሜጋ ዋት፣ በ2050 ደግሞ 4,800 ሜጋ ዋት ለማድረስ አቅዷል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።)

ባታን ባሕረ ገብ መሬት ነው። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት መታሰቢያ የሆነው የሳማት ተራራ ትልቅ መስቀል ከሩቅ ይታያል። እኛ ግን አልቆምንም፤ ወደ ሞሮንግ ቀጠልን። ናፖት በተባለው ጉብታ ላይ፣ ባሕሩን ቁልቁል እያየ፣ ግዙፍ ግራጫ ኮንክሪት ተገትሯል። የባታን ኒውክሌር ኃይል ማመንጫ ማለት ይሄ ነው። 621 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ ነበር የተሠራው። እስከ ዛሬ አንድ አምፖል አላበራም።

ሄልሜት ደፍተን ገባን። ያስጎበኙን ሰው ጠና ያሉ ኢንጂነር ናቸው፤ እያንዳንዱን በር በስሙ የሚጠሩ ይመስላሉ። ወፍራሙን የብረት በር አልፈን ሪአክተሩ፣ ማለትም የኒውክሌር ነዳጁ ሙቀት የሚሰጥበት ጋን፣ ካለበት ሕንፃ ውስጥ ቆምን። በሚሠራ ማመንጫ ውስጥ እንዲህ እንደልብ መዞር የማይታሰብ ነው። እዚህ ግን ጨረር የለም፤ ምክንያቱም ነዳጁ፣ ዩራኒየሙ፣ ተገዝቶ ቢመጣም ሪአክተሩ ውስጥ ገብቶ አያውቅም። በ1997 ተሽጦ ከአገር ወጣ። ቀና ብዬ የእንፋሎት ማመንጫዎቹን አየሁ፤ ቧንቧው፣ ቫልቩ፣ መሰላሉ ሁሉ በቦታው አለ። የመቆጣጠሪያ ክፍሉ ደግሞ ለሠርግ ተሰፍቶ ሠርጉ የቀረ ልብስ ነው የሚመስለው። ዲጂታል የሚባል ነገር የለም። ግድግዳው ሙሉ መርፌ ያላቸው ጌጆች፣ ማዞሪያዎችና ትናንሽ መብራቶች ናቸው።

ዕቃው አርጅቷል ብዬ ልደመድም ስል ኢንጂነሩ ስለ ማመንጫው ወንድሞች ነገሩኝ። በስሎቬኒያ ያለው ክርሽኮና በብራዚል ያለው አንግራ 1 ከዚሁ ትውልድ የመጡ፣ ይሄንንም የሠራው የአሜሪካው ኩባንያ የዌስቲንግሃውስ ሥራዎች ናቸው። ሁለቱም ከ1980ዎቹ ጀምሮ መብራት ይሰጣሉ። በደቡብ ኮሪያ ያለው ኮሪ 2ም የቅርብ ዘመድ ነው። ስለዚህ እርጅና ብቻውን ሰበብ አይሆንም። ልዩነቱ እነዚያ ሲሠሩ፣ ሲጠገኑና ዕቃ ሲቀየርላቸው መኖራቸው ነው። ይሄኛው ግን ተወልውሎ ቆሞ ነው ያረጀው።

ለምን ቆመ? የፖለቲካው ታሪክ እዚህ ላይ ይመጣል። ግንባታው በ1976 በፕሬዚዳንት ፌርዲናንድ ማርቆስ ዘመን ተጀመረ። መጀመሪያ ላይ ለሁለት ሪአክተር ወደ 500 ሚሊዮን ዶላር ነበር የሚወራው። መጨረሻ ላይ አንዱ ብቻ ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ፈጀ። ውሉን ያገናኘው የፕሬዚዳንቱ ወዳጅ ሄርሚኒዮ ዲሲኒ ኮሚሽን በልቷል ተብሎ ክሱ ለአሥርት ዓመታት ተጓተተ፤ በ2021 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 1 ቢሊዮን ፔሶ ካሳ እንዲከፈል ወሰነ። በ1985 የባታን ሕዝብ ሱቁንም ትራንስፖርቱንም ዘግቶ አድማ መታ። በ1986 ማርቆስ ወደቁ፣ በሶቪየት ኅብረት የቼርኖቤል ሪአክተር ፈነዳ፣ ማርቆስን የተኩት ኮራሶን አኪኖም ማመንጫውን አቆሙት። ዕዳው ግን አልቆመም። ሕዝቡ እስከ 2007 ድረስ ከፍሎ ነው የጨረሰው። የሹፌሩ ጥያቄ ከየት እንደመጣ የገባኝ ይሄኔ ነው።

ከግቢው ስንወጣ ወደ ናቲብ ተራራ ተመለከትኩ። የተኛ እሳተ ገሞራ ነው። በ1991 ዓለምን ያስደነገጠው ፒናቱቦም ከዚሁ ሰንሰለት ነው። የጂኦሎጂ ሰዎች በዚህ ቦታ ጉዳይ እስካሁን አልተስማሙም። እኔ የመሬት ምሁር አይደለሁም፤ ግን ክርክሩ ሳያልቅ ኮንክሪቱ መፍሰሱ ደስ አይልም።

አሁን የአባትዬውን ማመንጫ ለማስነሳት የሚሞክሩት ልጅዬው፣ ፕሬዚዳንት ማርቆስ ትንሹ፣ ናቸው። ከእሳቸው በፊት ፕሬዚዳንት የነበሩት ዱተርቴ በ2022 ኒውክሌርን የኃይል ምንጭ የሚያደርግ ትዕዛዝ ፈርመው ነበር። ማርቆስ ትንሹ በ2023 ከአሜሪካ ጋር የኒውክሌር ትብብር ስምምነት አደረጉ። በ2024 ደግሞ የደቡብ ኮሪያው የኒውክሌር ኃይል ኩባንያ ኬኤችኤንፒ ባታን መታደስ ይችል እንደሆነ እንዲያጠና ተስማሙ። ለጥናቱ የፊሊፒንስ መንግሥት አይከፍልም ተብሏል። ኮሪያዎቹ ከዚህ በፊትም አጥንተውት ወደ 1 ቢሊዮን ዶላር ይፈልጋል ብለው ነበር፤ ከዚያ በ2011 የጃፓኑ የፉኩሺማ ኒውክሌር አደጋ መጣና ወሬው ቀዘቀዘ።

እኔን የገረመኝ ግን በመስከረም 2025 የጸደቀው ሕግ ነው። ፊልአቶም የሚባል ነጻ የኒውክሌር ተቆጣጣሪ አቋቁሟል። ከዚያ በፊት አንድ ተቋም ኒውክሌርን ያስፋፋም ይቆጣጠርም ነበር። ይሄ እንደማያዋጣ ለማወቅ ኢንጂነር መሆን አያስፈልግም።

በመመለሻችን ኬዞን ሲቲ፣ ዲሊማን ጎራ አልኩ። የእንቁላል ቅርጽ ያለው የአገሪቱ የምርምር ሪአክተር እዚያ ነው። በ1963 ሥራ ጀምሮ በ1980ዎቹ መጨረሻ ቆመ። አሁን ነዳጁ ለማስተማሪያ ብቻ ውሏል፤ ኃይል አያመነጭም። በባታን የሠለጠኑት የ80ዎቹ ባለሙያዎች አብዛኞቹ ጡረታ ስለወጡ፣ ተተኪዎቹ ከባዶ ነው የሚማሩት። ከእኔ ቢጠየቅ ብሩ መጀመሪያ የሚገባው እዚህና ፊልአቶም ውስጥ ነው። የናፖቱ ኮንክሪት አርባ ዓመት ቆሟል፤ ተቆጣጣሪው ሰው እስኪቀጥር ቢጠብቅ አይሞትም። የኮሪያዎቹ ጥናት ቧንቧው ጤነኛ መሆኑን ይነግረን ይሆናል። ፊልአቶም አንድን ባለሥልጣን "አይሆንም" ማለት መቻሉን ግን የምናየው የመጀመሪያው የፈቃድ ማመልከቻ ጠረጴዛው ላይ ሲደርስ ነው።