ከተዋጊ ጄት ወደ ወፍጮ ቤት

በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን ደብረ ዘይት ውስጥ የጄት ሞተር ቴክኒሻን ነበርኩ። ሲቪል ስሆን ግን ሙያዬን የሚፈልግ ቀጣሪ አጣሁ። በሰፈሩ ያለው ወፍጮና የውኃ ፓምፕ ብቻ ነው።

መንገዱን ያሳዩኝ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሥራ ያጡ የአሜሪካ አብራሪዎች ናቸው። መንግሥት የሸጠውን «ጄኒ» የተባለ ማሠልጠኛ አውሮፕላን በጥቂት መቶ ዶላር እየገዙ ከከተማ ከተማ ይዞሩ፣ የገበሬ ማሳ ላይ ያርፉ፣ ሌሊቱን ክንፉ ሥር ያድሩ ነበር። ሰው የሚያስታውስላቸው ለትርኢት አየር ላይ ክንፍ ላይ መራመዳቸውን ነው። እኔን የሳበኝ ግን አተዳደራቸው ነው፤ ትርኢቱ ሕዝብ ይጠራል፣ ገንዘቡ የሚገኘው ተመልካቹን አሳፍሮ በማብረር ነው። ከእንዲህ ዓይነቶቹ ቡድኖች አንዱ የሆነው የጌትስ የበረራ ሰርከስ በአንድ ሰው 1 ዶላር ያስከፍል ነበር።

ስለዚህ በገበያ ቀን፣ ሰው እያየ መሥራት ጀመርኩ። አንድ ወፍጮ ቤት የዲዝል ሞተሩ አልነሣ ብሎ እናቶች እህላቸውን ይዘው ተሰልፈዋል። የነዳጅ መስመሩ አየር ገብቶበት ነበር። የነዳጅ ማጣሪያውን የአየር ማስወጫ ብሎን አላላሁና የእጅ ፓምፑን ደጋግሜ ገፋሁ። አረፋ እየተንፈቀፈቀ ወጣ፤ አረፋ የሌለው ነዳጅ ብቻ ሲፈስ ብሎኑን አጠበቅኩት። ሞተሩ ተነሣ። እናቶች እልል አሉ፤ ከዚያ ወዲያ ደንበኛ ፈልጌ አላውቅም።

የቀድሞ ሙያ ከንቱ ሆነ ለሚሉኝ አሜሪካዊውን አብራሪ ክላይድ ፓንግቦርንን እጠቅሳለሁ። በጦርነቱ ጊዜ ቴክሳስ ውስጥ የበረራ አስተማሪ ነበር፤ በኋላ በጌትስ ሰርከስ በረረ። እ.ኤ.አ. በ1931 ከሂዩ ኸርንደን ጋር ከጃፓን ተነሥቶ ፓስፊክን ሳያርፍ ሲያቋርጥ፣ ክብደት ለመቀነስ ጎማዎቹን ከነተሸካሚያቸው ጣሉ። ከተሸካሚው ሁለት ብረቶች አልወድቅ ሲሉ በባዶ እግሩ ወደ ውጭ ወጥቶ በአየር ላይ ፈታቸው። ያንን ድፍረትና ጥንቃቄ ያካበተው በትርኢት ዘመኑ ይመስለኛል።

እኔ ከአየር ኃይል ይዤ የወጣሁት ትልቁ ሀብት መዝገብ መያዝ ነው። አውሮፕላን ላይ የተሠራ ሥራ ሁሉ ይጻፋል፣ ይፈረምበታል። ለእያንዳንዱ ወፍጮ ደብተር ከፈትኩ፤ ዘይቱ መቼ ተቀየረ፣ ምን ተፈታ፣ ማን አሰረው። ባለወፍጮዎች ሞተሩ ሳይቆም በፊት ይጠሩኝ ጀመር። የቀድሞ ባልደረቦቼ አብረውኝ ሊሠሩ ሲመጡም መጀመሪያ ደብተሩን አስነበብኳቸው፤ መፍቻው ከዚያ በኋላ ደረሰ።